በኮሪያ ሰዎች መካከል እንግዳ ሆኖ ስለ መኖር

(በሬዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች የተወሰደ)



ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የተመረጡ ወንድሞችና እኅቶች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደቡብ ኮሪያ ሲላኩ ቆይተዋል። ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ከእርሱ አስቀድሞ የሄደውን ባገኘ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ፣ ስለ ቤት ኪራዩና ስለ አበሉ ነው። ስለ ሰዉ ጠባይ ግን የሚጠይቅም የሚነግርም ጥቂት ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ወደዚያ አገር ተልኬ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በተማሪነት ስለ ኖርሁ፣ በዛሬው ንግግሬ የውጭ አገር ሰው በኮሪያ ሕዝብ መካከል ሲቀመጥ የሚደርስበትን የልብ መከፋትና የዚህንም መነሻ በሚቻለኝ መጠን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ልናገረው የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያዊን በኮሪያ የሚያስቸግረው የሕዝቡ ልማድ ከእኛ ልማድ መራቁ አይደለም፤ መቅረቡ ነው። ሰው ፈጽሞ የማያውቀውን ነገር ተጠንቅቆ ይቀርበዋል። የራሱን የሚመስለውን ግን አውቀዋለሁ ብሎ ሳይጠይቅ ይገባበታል፤ እግሩንም የሚመታው በዚያ ነው።

ትውልዴ ቢቸና ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን ከኮሪያ ዘመቻ የተመለሱ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። እኛ ልጆች ከበን «አያ ሃምሳ አለቃ፣ እስቲ ስለ ኮሪያ ያጫውቱን» ስንላቸው የሚነግሩን ሁልጊዜ ስለ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የጮቄን ተራራ ውርጭ የሚያስንቀው ብርድ ነው። ሁለተኛው እንደ ቆሎ ተማሪ ከድንኳናቸው ደጅ ቆመው ምግብ ይጠብቁ የነበሩት ሕፃናት ነገር ነው። ስለ ሕፃናቱ ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። እኔም ኮሪያ ማለት ብርድና ረኃብ ያለበት፣ የእኛ ሰዎች ያበሉት አገር ነው ብዬ አደግሁ። ኢንቾን አውሮፕላን ጣቢያ ስደርስ ከሃምሳ አለቃው አገር አንዲት ነገር እንኳ አላገኘሁም።

የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደረሰ። ጦርነቱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት እስኪቆም፣ ከዚያም በኋላ፣ ተራ በተራ የዘመቱት ወታደሮቻችን ከ6000 በላይ ነበሩ፤ ከእነርሱም ከ120 የሚበልጡት ሕይወታቸውን ሠውተዋል። የቃኘው ሰዎች ወላጆቻቸው ለሞቱባቸው ሕፃናትም ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ኮሪያን በጐበኙ ጊዜ በቹንቾን ከተማ፣ በውሃ ዳር፣ ለእነዚሁ ዘማቾች የቆመውን ሐውልት መረቁ። ከሐውልቱም አጠገብ የአገራችንን ስም የያዘ፣ ቡናችን የሚጠጣበት ቤት አለ።

ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ቹንቾን የሄድሁበትን ቀን አልረሳውም። አንድ ሽማግሌ ከየት እንደ መጣሁ ጠይቀው ኢትዮጵያ ባልኋቸው ጊዜ ሁለቱን እጆቼን ይዘው ጐንበስ አሉ፤ የቡናዬንም ሒሳብ እንዳልከፍል ከለከሉኝ። በዚያው ቀን ማታ በባቡር ወደ ሴኡል ስመለስ ሰዉ ቆሞ ሳለ ከጐኔ ያለው ወንበር እስከ መጨረሻው ባዶውን ሄደ። ለአያቶቼ ምስጋና፣ ለእኔ ጥርጣሬ በአንድ ቀን ተከፈለኝ። ይህን የምናገረው ሕዝቡን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁለቱም እውነት ስለ ሆኑና የሚሄደው ሰው አንዱን ብቻ ሰምቶ እንዳይሄድ ብዬ ነው።

ስለ ቆዳ ቀለም የሚደርሰው ነገር ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. አንድ የሕንድ ተወላጅ የሆነ ተመራማሪ በአውቶቡስ ውስጥ በቀለሙ ምክንያት የሰደበውን ሰው ከሶ፣ ፍርድ ቤቱ ተሳዳቢውን በገንዘብ ቀጥቶለታል። በዚያው ዓመት ከስደተኛነት ወደ ኮሪያ ዜግነት ለመሸጋገር የመጀመሪያ የሆነው ሰው ኢትዮጵያዊ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ለዚያ አገር አዲስ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዛሬ በኮሪያ የሚኖሩት የውጭ አገር ሰዎች ከ2 ሚሊዮን በላይ ቢሆኑም፣ ካደጉት ትውልዶች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሳሉ «እኛ የአንድ ደም ልጆች ነን» እየተባሉ የተማሩ ናቸው።

ከዚህ ይልቅ ዕለት ዕለት ሰውን የሚያደክመው ግን ስድብ አይደለም። ጥቃቅኑ ነገር ነው፤ ከእርሱም ልጀምርና ስለ ዕድሜ ልናገር።

በኮሪያ ሁለት ሰዎች በተዋወቁ ጊዜ ከስም ቀጥሎ የሚጠየቀው ዕድሜ ነው። ይህም ወሬ ለመቃረም አይደለም። ቋንቋቸው እንደ አማርኛ ሁሉ የአክብሮትና የወዳጅነት አነጋገር ስላለው፣ ታላቅና ታናሹ ሳይለይ አፍ መክፈት ያስቸግራል። አንተና አንቱ፣ እርስዎና እሳቸው ሲል ያደገ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ዳሩ ግን በእኛ ዘንድ ባልንጀራህ በአምስትና በስድስት ዓመት ቢበልጥህ አንተ ከማለት አያግድህም፤ በእነርሱ ዘንድ የአንድ ዓመት ብልጫ ይበቃል። ጓደኛ የሚለው ቃላቸው እንኳ በትክክል የሚነገረው በአንድ ዓመት ለተወለዱ ነው። በአንድ ዓመት የሚቀድምህ ሰው ጓደኛህ ሳይሆን «ህዮንግ»፣ ማለት ታላቅ ወንድምህ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የተወለድሁበትን ዓመት ብጠየቅ ሳላስብ በእኛ አቈጣጠር ተናገርሁ። በእነርሱ አቈጣጠር ሲተረጐም ሰባት ስምንት ዓመት አስረጀኝ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእኔ የሚበልጡት ተማሪዎች ሁሉ ጐንበስ እያሉ ሰላምታ ሰጡኝ፤ በር ከፈቱልኝ፤ መጠጥም በሁለት እጃቸው ቀዱልኝ። እኔም እንዴት ያሉ ሰው አክባሪዎች ናቸው እያልሁ ወደ ቢቸና ስልክ ደውዬ ለእናቴ አወራሁላት። በኋላ የፓስፖርቴ ግልባጭ በተሰበሰበ ጊዜ ነገሩ ታወቀ። እኔ ስቄ ላስቅ ብሞክር ማንም አልሳቀም። የማይገባኝን ክብር ሰርቄ የተገኘሁ ሆንሁ፤ ከሁሉ አብልጦ ያከብረኝ የነበረውም ሰው ለብዙ ጊዜ ዓይኔን ሳያይ ያልፈኝ ነበር።

የእነርሱም አቈጣጠር የራሱ መንገድ አለው። በቆየው ልማዳቸው ሕፃን የተወለደ ዕለት አንድ ዓመት ይባላል፤ አዲስ ዓመት ሲገባም ሁሉም በአንድነት አንድ ዓመት ይጨምራል። በታኅሣሣቸው መጨረሻ ቀን የተወለደ ልጅ በማግሥቱ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ በኩል ዕድሜ እንደ ሌላው ዓለም እንዲቈጠር ተደርጓል፤ በጨዋታ መካከል ግን የድሮው ቶሎ የሚለቅ አይደለም።

በስምም በኩል እንዲሁ ነው። ቅጽ በተሞላ ቍጥር የቤተ ሰብ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም እንጂ። በእነርሱ ዘንድ ግን ኪም፣ ሊና ፓክ የሚባሉት ሦስት የቤተ ሰብ ስሞች ብቻ ከሕዝቡ እኩሌታ የሚጠጋውን ስለሚይዙ፣ ያለዚያ ስም ሰው ሙሉ አይመስላቸውም። ስለዚህ የአባቴን ስም በቦታው ሞላሁ፤ ከዚያም ወዲህ በባንክም በሐኪም ቤትም የምጠራው በአባቴ ስም ሆነ። ተራ ደርሶ የአባቴ ስም በተጠራ ጊዜ ሽማግሌው ከበስተኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ ዘወር እል ነበር። ደግሞ ሴቶቻቸው እንደ እኛ አገር ሴቶች ሁሉ ባገቡ ጊዜ የአባታቸውን ስም አይለውጡም። ይህን ስነግራቸው ደስ ያላቸው ኮሪያውያን ሴቶች ብዙዎች ነበሩ።

ከሁሉ የከበደኝ «ኑንቺ» የሚሉት ነገር ነው። ቃሉ ሰው ሳይናገር በልቡ ያለውን ከፊቱና ከሁኔታው አይቶ የማወቅን ችሎታ ያመለክታል። ኑንቺ የሌለው ሰው በእነርሱ ዘንድ እንደ ሕፃን ይቈጠራል። እኔ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ካሉበት፣ ሰምና ወርቅ ለይቶ መስማት ከልጅነት ከሚለመድበት አገር የመጣሁ ስለ ሆነ ይህ እንደማይከብደኝ እርግጠኛ ነበርሁ። ተሳሳትሁ። የእኛ ስውር ነገር ያለው በቃል ውስጥ ነው፤ ቃሉን ይዞ የሚቈፍር ወርቁን ያገኛል። የእነርሱ ግን ያለው በዝምታ ውስጥ ነው። የሚቈፈር ቃል የለም።

ለምሳሌ ያህል «ትንሽ ያስቸግራል» የተባለ ነገር ፈጽሞ አይሆንም ማለት ነው፤ እኔ ግን ትንሽ ችግር ከሆነ ልርዳ ብዬ በማግሥቱ ተመልሼ እሄድ ነበር። (በእኛም መሥሪያ ቤቶች «እናየዋለን» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አድማጮቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።) አንድ ጊዜ ደግሞ የቡድናችንን አባሎች ስም በቀይ ቀለም ጽፌ በግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። ማንም ምንም አላለኝም። በማግሥቱ ያው ዝርዝር በጥቍር ቀለም ተገልብጦ ተለጥፎ አገኘሁ። የሰው ስም በቀይ መጻፍ በእነርሱ ዘንድ ከሞት ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ተቈጥተው ቢነግሩኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እንግዳ ሰው የሚጐዳው በሚሰማው ቍጣ አይደለም፤ ባልተነገረው ነው።

ሰላምታቸውም ለጐጃም ሰው አጭር ነው። በእኛ አገር መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ከብቱ፣ አዝመራው፣ ልጆቹ እንዴት እንደ ከረሙ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። በዚያ ግን በአንድ ፎቅ የሚኖሩ ጐረቤቶች በአንድ አሳንሰር ወጥተው ወርደው ቃል አይለዋወጡም። «ፓሊ ፓሊ»፣ ማለት ቶሎ ቶሎ፣ የሚለው ቃል ከጧት እስከ ማታ ይሰማል። በጦርነት የፈረሰውን አገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያቆመው ይኸው ጥድፊያ ነው ይላሉ፤ ልክም ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም ሰው ሰላም ሳይለው የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል።

አሁን ወደ ምግቡ ልመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው ከዚህ ላይ ነውና።

ኮሪያውያን ሲገናኙ «በልተሃል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከአንድ ሳህን ወጥ ይጨልፋሉ። ለታላቅ ሰው በሁለት እጅ ይሰጣሉ፤ ታላቁ ሳይጀምርም ታናሹ ማንኪያ አያነሣም። ይህን ሁሉ ያየ ኢትዮጵያዊ ቤቱ የገባ ይመስለዋል። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ደግሞ «ሆይሲክ» የሚሉት የማታ ማዕድ አለ። አለቃና ምንዝር አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይጠጣሉ። ያልመጣ ሰው ከማኅበሩ እንደ ወጣ ይቈጠራል። የሚጠበሰው ግን ብዙውን ጊዜ የዐሣማ ሥጋ ነው። ኦርቶዶክሳዊም ሆነ እስላም ኢትዮጵያዊ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ቅጠል ሲቈነጥር ያመሻል። በጾም ወራትማ ቅጠሉም አይገኝም። ጐመን ብቻ የሚመስለው ኪምቺያቸው አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ ያለበት ነው፤ ሾርባውም ከአጥንት ወይም ከደረቀ ዓሣ የወጣ ነው። ከአገር ቤት የተላከልኝ ድርቆሽና ሽሮ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያውን የሁዳዴ ጾም እንዴት እንደማልፈው አላውቅም።

በዚያ የሁዳዴ ጾም ውስጥ፣ በአንድ ዓርብ ማታ፣ በትምህርቴ አማካሪዬ የነበሩት ፕሮፌሰር ከቤታቸው ጠሩኝ። በዚያ አገር ተማሪን ከቤት መጥራት የተለመደ ነገር ስላልሆነ ታላቅ ክብር ነበር። ባለቤታቸው ዐሣማ እንደማልበላ አስቀድመው ጠይቀው፣ በእርሱ ፈንታ የበሬ ሥጋ ሠርተው፣ ዓሣ ጠብሰው፣ እንቍላል ጠቅልለው፣ ገበታው እግር እስኪያጣ ሞልተው ጠበቁኝ። እኔም «ዛሬ ጾም ነው» ብዬ ነጩን ሩዝ ብቻ በላሁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው «ይገባኛል» አሉ። ፕሮፌሰሩም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፕሮፌሰሩ በወዳጅ አነጋገር ስሜን መጥራት ትተው በአክብሮት አነጋገር ያነጋግሩኝ ጀመር። እኔም ከፍ አደረጉኝ ብዬ ደስ አለኝ። በአገራችን ትላንት አንተ ይል የነበረ ወዳጅ ድንገት አንቱ ማለት ሲጀምር ምን ማለት እንደ ሆነ የማውቀው ሰው፣ ይህን በራሴ ላይ ሲሆን አላየሁትም። ከሦስት ወር በኋላ አንድ የሚቀድመኝ ተማሪ ነገሩን ሰብሮ ነገረኝ። ባለቤታቸው ሁለት ቀን ሙሉ ሲሠሩ ነበር። ምክንያቴን ቢሰሙም፣ አስቀድሜ ልነግራቸው ስችል በገበታቸው ፊት መናገሬን እንደ መናቅ ቈጥረውታል። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ በቢቸና «በሞቴ» እያለች የምትዘረጋውን ጉርሻ እንግዳ ባይቀበላት ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ ኀዘኑ ባነሰ ነበር።

ያ የነገረኝ ተማሪ በኋላ ወደ አንድ የቡድሃ ገዳም ወሰደኝ። መነኮሳቱ ሥጋም ዓሣም አይበሉም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርትም አይገባበትም። ያለ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ ለእኛ ሰው ምን እንደሚመስል ለአድማጮቼ ግምት እተወዋለሁ። ቢሆንም በጾም ቀን ሳልጠራጠር የጠገብሁበት የመጀመሪያው ገበታ ይህ ነበር።

ኮሪያውያን «ኡሪ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ የእኛ ማለት ነው። አገሬ አይሉም፣ አገራችን ይላሉ፤ እናቴ አይሉም፣ እናታችን ይላሉ፤ ሚስቴን እንኳ ሚስታችን ይላሉ። እንግዳ ሰው ይህን ቃል በሰማ ቍጥር አጥር የታጠረበት ይመስለዋል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። የታሪካቸውን መጻሕፍት ካነበብሁ በኋላ ግን አስተያየቴ ጥቂት ተለወጠ። ጃፓን ከ1902 እስከ 1937 ዓ.ም. ድረስ 35 ዓመት ገዝታቸዋለች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ልጆች በትምህርት ቤት የአገራቸውን ቋንቋ እንዳይማሩ፣ ሰውም ስሙን ወደ ጃፓን ስም እንዲለውጥ ተገድዶ ነበር። «የእኛ» ማለት በተከለከለበት ዘመን የኖረ ሕዝብ ቃሉን አጥብቆ ቢይዘው፣ የበላይ ዘለቀ አገር ሰው ሊደነቅ አይገባውም። የጠላት አገዛዝ በእኛ ላይ የቈየው አምስት ዓመት ነው፤ እኛም እስከ ዛሬ እንናገረዋለን።

አጥሩ በር እንዳለው ያየሁት በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ የፕሮፌሰሩ እናት በሞቱ ጊዜ ነው። የውጭ አገር ተማሪዎች መሄድ አለባችሁ አልተባልንም። የቢቸና ሰው ግን ለቅሶ ለመድረስ ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ብቻዬን ሄድሁ። ቀብራቸው በሦስተኛው ቀን ስለሆነ ቤተ ዘመድ በሐኪም ቤቱ ባለው የለቅሶ አዳራሽ ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል። ገንዘብ በነጭ ፖስታ ይሰጣል፤ የሰጪውም ስም በመዝገብ ይጻፋል። መዝገቡን ሳይ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ትዝ አለኝ። ለሟቿ ሁለት ጊዜ ተደፍቼ ሰገድሁ፤ ለኀዘንተኞቹም አንድ ጊዜ። ፕሮፌሰሩ ጥቍር ለብሰው ቆመው ነበር። ቀና ስል አዩኝና በወዳጅ አነጋገር፣ ለታናሽ ወንድም እንደሚባለው፣ «መጣህ?» አሉኝ።

በዚያ አገር ደርሶ መውጣት የሚበዛ ቢሆንም እኔ እንደ አገሬ ልማድ እስኪነጋ ልቀመጥ ብዬ ከጥግ ተቀመጥሁ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ባለቤታቸው በለቅሶ ቤት የሚቀርበውን ቀይ የበሬ ሥጋ ሾርባ ይዘው መጥተው ከፊቴ አኖሩት። አልተመለሱም፤ ቆመው ቀሩ። ከዚያም በቀስታ «ገና ማክሰኞ ነው፤ ረቡዕ የሚገባው ጧት አይደለም ወይ?» አሉኝ።

«አዎን፤ ገና ማክሰኞ ነው» ብዬ ማንኪያውን አነሣሁ።